የጎሚስታው አባት

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ኅዳር ወር ከዲክሲስ ወደ አሰላ ይጓዝ የነበረ አንድ አውቶቡስ ከተማው ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ጎማው ፈነዳ። ተለዋጩም ጎማ ባለፈው ጉዞ ተበስቶ ሳይጠገን የቀረ ነበርና ሾፌሩ ራሱን አከክ አከክ ካደረገ በኋላ በዚያ የሚያልፍ የጭነት መኪና አስቁሞ፣ «አሰላ ስትደርስ ጎሚስታውን ላክልኝ፣ አደራ» አለው። ተሳፋሪው አንድ በአንድ ወረደ። አንዱ ሾፌሩን ረገመ፣ ሌላው መንገዱን ረገመ፤ ገደል አጠገብ አለመፈንዳቱን አስቦ እግዚአብሔርን ያመሰገነም አልጠፋም።

ከሁሉ ይልቅ የተጨነቁት ባላምባራስ ወልደ ሚካኤል ነበሩ። ጎሚስታ ማለት ጎማ ጠጋኝ መሆኑን ተሳፋሪው ሁሉ ያውቃል፤ ይህ ጎሚስታ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቁት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። አንባቢን በከንቱ ማንከራተት አንወድምና እንናገረው፤ የእሳቸው ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባላምባራስ ሁለተኛ ልጅ ካሣዬ አሰላ ተምሮ ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርስ አባቱ በግ አርደው ጎረቤት ሰበሰቡና፣ «ልጄ እንግዲህ የመንግሥት ጸሐፊ ነው» አሉ። ልጁ ግን ማመልከቻውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ቢንከራተት፣ «ቦታ የለም፣ ሲኖር እንጠራሃለን» ከመባል በቀር ያገኘው ነገር አልነበረም። በመጨረሻ፣ ጣሊያን ሲወጣ እዚሁ የቀረ አንድ ሽማግሌ ጎማ ጠጋኝ አስጠግቶ ሙያውን አስተማረው፤ ሽማግሌው ሲሞትም ሥራው ለካሣዬ ሆነ። ባላምባራስ ይህን ገበያ ላይ ሰሙ፣ ሰምተውም አንጀታቸው አረረ። የአገራቸው ሰው፣ «ልጅዎ እንዴት ነው?» ሲላቸው ግን ያን የተናገሩትን ቃል ማጠፍ ሞት መሰላቸውና፣ «ቢሮ ነው ያለው» አሉ። ውሸት ደግሞ ብቻዋን መኖር አትወድም። መጀመሪያ ጠረጴዛ ወለደች፤ ቀጥላ ማኅተም ወለደች፤ በመጨረሻ ከልጁ ሥር የሚታዘዙ ሁለት ተላላኪዎችን መንታ ወለደች።

የእኒህን ተላላኪዎች ዜና የሰሙት የሲሬው አቶ ገብረወልድ ልጃቸውን ውድነሽን ለካሣዬ ለመስጠት ፈቀዱ። ዲክሲስ ድረስ መጥተው የባላምባራስን ቤትና ማሳ ካዩ በኋላም፣ «ሙሽራውን በሥራው ላይ እንዳለ ልየው» ብለው አብረው ተሳፈሩ። ባላምባራስ እምቢ ማለት አልቻሉም። ያሰቡት አሰላ ሲደርሱ እንግዳቸውን ዘመድ ቤት አስቀምጠው ወደ ልጃቸው መሮጥ፣ እጁን አሳጥበው፣ ኮት ተውሰው አልብሰው፣ «ዛሬ ቢሮ ዝግ ነው» ብለው ማቅረብ ነበር። አሁን ግን ቢሮው ራሱ ወደ እነሱ እየመጣ ነው።

ተሳፋሪው በመንገዱ ዳር ካለ የኮሶ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ወዲያ ማዶ ስንዴው ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ደርሷል። ከባላምባራስና ከአቶ ገብረወልድ አጠገብ አንድ ነጭ ጋዋን ያጠለቀ ወጣት የመድኃኒት ሣጥኑን እግሮቹ መካከል አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ወጣቱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ለሁለቱም ሰላምታ ሰጠ።

«ሐኪም ነህ፣ ልጄ?» አሉ አቶ ገብረወልድ። ገብረወልድ ወፍራም፣ ጨዋታ ወዳድና ለወሬ የማይደክሙ ሰው ናቸው።

«ድሬሰር ነኝ፣ አባባ፤ የሐኪም ረዳት። አብዶ እባላለሁ፤ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ አሰላ ነው። ከዲክሲስ በላይ ባሉት መንደሮች ሕፃናት ስከትብ ሰንብቼ መመለሴ ነው።»

«መልካም አደረግህ። በእኛ ጊዜ ፈንጣጣ አንድ ቤት ከገባ ግማሹን ይዞ ነበር የሚወጣው። እናቴ ዘጠኝ ወልዳ ያደግነው ሦስት ነን።»

«ዛሬ ቢሆን ምናልባት ዘጠኛችሁም ባደጋችሁ ነበር።»

«ተመስገን ነው እንግዲህ» አሉ ባላምባራስ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። «የሰው መብዛት በረከት ነው።»

አብዶ ጥቂት አሰበና፣ «ባላምባራስ፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎ ድፍረት ይሆንብኛል?» አለ።

«ጠይቅ። መቼም ጎማው እስኪሠራ ሥራ የለንም።»

«አያትዎ ወደዚህ አገር ሲመጡ መሬቱ እንዴት ነበር?»

ባላምባራስ ስለ አያታቸው ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋልና ትንሽ ተቃኑ። «መሬትማ ሰፍቷቸው ነበር። አንድ ጋሻ ሙሉ ነበራቸው። የጠፋው ሰው ነበር። መንገደኛ ሲያዩ አስቁመው፣ ‹ና አብረን እንረስ› ብለው ይለምኑ ነበር ይባላል።»

«የእኔም አያቶች በዚያው መሬት ከብት ያሰማሩ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ» አለ አብዶ ፈገግ ብሎ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢሆንም ባላምባራስ ጋቢያቸውን ያለ ምክንያት አስተካከሉ። አብዶ ይህን አይቶ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። «እና ያ ጋሻ መሬት አሁን የት አለ?»

«አባቴና ሁለቱ ወንድሞቹ ተካፈሉት። የአባቴን ድርሻ ደግሞ እኔና ወንድሜ ተካፈልነው።»

«እርስዎስ ስንት ወንድ ልጆች አሉዎት?»

«አራት። እግዜር ይጠብቃቸው።»

«አሜን። እንግዲህ ለአራቱ ሲያካፍሉት፣ ባላምባራስ፣ በሬው ጫፍ ደርሶ መዞሪያ ያጣል። አያትዎ መሬት ይዘው እጅ ፈለጉ፤ ልጆችዎ እጅ ይዘው መሬት ሊፈልጉ ነው።»

ባላምባራስ ይህ ነገር ሌሊት ሌሊት ሲያባንናቸው የቆየ ጉዳይ ቢሆንም ከወጣት አፍ ሲሰሙት ደስ አላላቸውም። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» አሉ ኮስተር ብለው። «እግዜር የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም።»

«እውነት ነው። ግን ጉሮሮውን የሚዘጋው በእጃችን አማካይነት ነው።»

በዚህ ጊዜ አቶ ገብረወልድ ጣልቃ ገቡ። «እጅ፣ እጅ ትላለህ፤ እጅማ የት አለ? እኔ ቤት ዐሥር ነፍስ አለ። ሠራተኛው ግን እኔና ታላቁ ልጄ ብቻ ነን። ሌላው በላተኛ ነው።»

ከኋላቸው ቅል ሙሉ ቅቤ ታቅፈው የተቀመጡ አንዲት የአርቦዬ ነጋዴ፣ ወይዘሮ አሰፋች፣ ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። «ይቅርታዎን ጌታዬ፤ ባለቤትዎ ምን ይሠራሉ?»

«እሷማ ቤት ናት።»

«ውሃውን ማን ይቀዳል?»

«እሷና ሴቶች ልጆቿ።»

«እህሉንስ ማን ይፈጫል? አረሙንስ?»

«ያው እነሱ ናቸው እንጂ።»

«እንግዲያ በላተኛው ማን ሆነ?» አሉ ወይዘሮ አሰፋች፤ በዛፉ ሥር ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ገብረወልድም ጥቂት ከተደናገሩ በኋላ አብረው ሳቁ። ይህም ከመልካም ጠባያቸው አንዱ ነው።

«እትዬ አሰፋች እኔ ልል ያሰብኩትን ቀደሙኝ» አለ አብዶ። «እኛ ሠራተኛ ስንል ሞፈር የጨበጠውንና ወንበር ላይ የተቀመጠውን ብቻ እንቆጥራለን። ሌላውን ሁሉ ወይ አናየውም ወይ እናፍርበታለን። የአገር ጉልበት ግን የሁሉም እጅ ነው፤ ያውም በየዓመቱ ይጨምራል። እኔ ሰሞኑን ክንዱን የከተብኩት ሕፃን ሲያድግ ያንኑ ክንድ ይዞ፣ ‹ሥራ ስጡኝ› ብሎ ይመጣል። ምን እንለዋለን?»

«ይማራ» አሉ አቶ ገብረወልድ። «መሬቱ ቢጠብ የተማረ ቢሮ ይገባል። ይኸው የባላምባራስ ልጅ ጸሐፊ አይደለም? ሁለት ተላላኪ ከሥሩ አለው። አይደለም እንዴ፣ ባላምባራስ?»

ባላምባራስ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «አዎ» ላለማለት ነው። ምስጋናም አንዳንዴ መደበቂያ ይሆናል።

«በየትኛው ቢሮ ነው?» አለ አብዶ በቅንነት። «የአሰላን ጸሐፊዎች ሁሉንም አውቃቸዋለሁ።»

«በላይኛው» አሉ ባላምባራስ።

አሰላ ላይኛው የሚባል ቢሮ የለም። አብዶ ቀና ብሎ አያቸው፤ በሽማግሌው ግንባር ላይ በዚያ ቀዝቃዛ አየር ላብ ችፍ ብሎ አየና ጥያቄውን ተወው። «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ ብቻ ወደ አቶ ገብረወልድ ዞረ። «ነገር ግን ጌታዬ፣ ሰው ይወልዳል፤ መሬት አይወልድም፤ የቢሮ ወንበርም አይወልድም። ለአንዲት ወንበር ሃያ የተማረ ልጅ ተሰልፎ ሳለ የአሥራ ዘጠኙ እጅ ታጥፎ ይቀመጣል። ለምን? አናጢነትን፣ ልብስ ስፌትን፣ መኪና መጠገንን አባቶቻቸው ስለናቁባቸው።»

«ታዲያ የጨዋ ልጅ ቁጢት በጣሽ ይሁን ነው የምትለው? ቀጥቃጭ ይሁን?»

«የለበሱትን ጋቢ የሠራው ያ ቁጢት በጣሽ የሚሉት ሸማኔ ነው። ይህን ስንዴ ያበቀለውን ማረሻ የሠራው ያ ዓይኑን የሚፈሩት ቀጥቃጭ ነው። ጋቢውን ወድደን፣ ማረሻውን ወድደን፣ እጁን ጠላነው።»

አቶ ገብረወልድ የጋቢያቸውን ጥለት እየነካኩ መልስ ፈለጉ። መልሱ ግን የመጣው ካልታሰበው ወገን ነበር። ባላምባራስ ድንገት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉ። «አንተ መድኃኒትህን እወቅ። የጨዋ ልጅ እጁን አያጠቁርም። ልጄ ቅባት ነክቶ ከማየው አፈር ለብሶ ባየው እመርጣለሁ።»

ይህን የተናገሩት አምነውበት አልነበረም። ፍርሃት አፉን ሲከፍት ከእምነት ይልቅ ጮክ ብሎ ይናገራል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ ዛፉ ሥር እንደ ተንጠለጠለ ቀረ። በዚህ መካከል አንድ ብስክሌት ቁልቁለቱን ወርዶ አውቶቡሱ ጎን ቆመ።

ካሣዬ ነበር። መኪና ማንሻ ክሪኩንና ነፋስ መሙያ ፖምፓውን ከብስክሌቱ ኋላ አስሯል፤ ሰማያዊ ቱታው ደረቱ ድረስ ጠቁሯል። ለሾፌሩ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ ወደ ጎማው ጎንበስ ሊል ሲል ዓይኑ ከዛፉ ሥር ካሉት ሰዎች ላይ አረፈ። ፊቱ በራ። መሣሪያውን ጥሎ፣ እጁን ቱታው ላይ እየጠረገ፣ ሩጫ ቀረሽ እርምጃ እየተራመደ መጣና የባላምባራስን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ።

«አባዬ» አለ።

ባላምባራስ ጉልበታቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «ተሳስተሃል፣ ልጄ» አሉ። «ሰው ተመሳስሎብህ ነው።»

ካሣዬ እንደ ጎነበሰ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለና አባቱን አየ፤ ከአጠገባቸው ያሉትን ወፍራም እንግዳ አየ፤ እንግዳውን ለማስደሰት የተለበሰውን የአባቱን አዲስ ጋቢ አየ። ነገሩ ገባው። ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ቢሆንም ድምፁን አልቀየረም።

«ይቅርታዎን፣ ጌታዬ። አባቴን መስለውኝ ነው» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

አቶ ገብረወልድ ልጁን በዓይናቸው ተከተሉት። «ጨዋ ልጅ ነው፣ አፈር አይንካው» አሉ። ቀጥለውም ጮክ ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?» ሲሉ ጠየቁት።

ካሣዬ ክሪኩን ከአውቶቡሱ ሥር እያስገባ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «አባቴ ሩቅ አገር ነው» አለ።

ባላምባራስ በሕይወታቸው ብዙ ነገር አይተዋል፤ በጣሊያን ጊዜ ጫካ አድረዋል፣ ሁለት ልጆች ቀብረዋል። እንደዚያች ሰዓት ያለ ነገር ግን አጋጥሟቸው አያውቅም። ልጃቸው ከፊታቸው ተንበርክኮ፣ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ፣ የእሳቸውን ውሸት ስለ እሳቸው ሲዋሽላቸው አዩ። ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ ያፈሩት በልጃቸው ነበር፤ አሁን ያፈሩት በራሳቸው ነው። የመጀመሪያው እፍረት ፊት ያቀላል። ይኸኛው ግን ሆድ ገብቶ ተቀመጠ።

ተነሥተው ከሰዎቹ ራቅ ብለው ቆሙ። አብዶ ውሃ በኩባያ ይዞ ተከተላቸው።

«አመመዎት፣ ባላምባራስ?»

«ፀሐዩ ነው።»

አብዶ ውሃውን ሰጣቸውና ጎን ለጎን ቆሞ ስንዴውን ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያን ልጅ አውቀዋለሁ» አለ። «በአንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ስለ አባቱ በክፉ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ከዲክሲስ የመጣ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ካየ፣ አባቴን አሳፍራለሁ ብሎ ፊቱን ያዞራል። ዛሬ ምን እንዳስረሳው እንጃ።»

«ናፍቆት ነው» አሉ ባላምባራስ። አፋቸው አመለጣቸው።

አብዶ ጨዋ ነበርና ያልሰማ መሰለ። «ምናልባት» አለ። «አባቱን ቢያገኟቸው አንድ ቃል ይንገሩልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«በልጃቸው አፈሩ ብዬ እንደማልወቅሳቸው። እፍረቱን እሳቸው አልፈጠሩትም፤ የወረሱት ነው። ነገር ግን መሬት በተወረሰ ቁጥር እያነሰ ሲሄድ ይህ እፍረት ለእያንዳንዱ ልጅ ሙሉውን ይደርሳል። ይህን ያስቡበት ይበሏቸው።»

ባላምባራስ እንደ ሦስተኛ ሰው ሆነው መጠየቅ ጀመሩ። «ያ አባት እኮ ሌሎች ሦስት ልጆች አሉት እንበል። ሁሉም ጥቁር እጅ ይዘው ይምጡ? ቤቱን ማን ያስከብራል?»

«አንዱ መሬቱን ይያዝ፤ ያው የአባቱ ቤት ሳይቆራረጥ ይቁም። ሌሎቹ ሙያ ይያዙ። መሬት ሲካፈል ያልቃል፤ ሙያ ግን አንዱ ለሌላው ሲያስተምረው አይጎድልም። አሰላ እያደገች ነው፤ መኪናው በዝቷል፣ ወፍጮ እየተተከለ ነው፣ ቤት እየተሠራ ነው። ሠሪው ግን ጥቂት ነው። ካሣዬ ብቻውን ስለሆነ አንዳንድ ቀን ምሳውን ሳይበላ ይመሻል። ታናሽ ወንድሙን ሊያስመጣ ፈልጎ፣ ‹አባዬን አንዱ አሳፍሯቸው ሁለተኛ እንዴት እጨምርባቸዋለሁ?› አለኝ።»

«እንዲህ አለ?»

«እንዲህ አለ።»

«ሰው ይስቃል፣ ልጄ። አንተ የእኛን አገር ሰው አታውቀውም።»

«አውቀዋለሁ፤ ይስቃል። የሳቀው ሰው ግን ለልጆችዎ መሬት አይጨምርላቸውም። እኔም የራሴ ጭንቀት አለኝ፣ ባላምባራስ። እኒያን ሕፃናት ስከትብ እናቶቻቸው ይመርቁኛል። እኔ ግን አንዳንዴ ያስፈራኛል። አድገው እጃቸውን የሚያውሉበት ካጡ፣ ከሞት ያዳንኳቸው ለምን ነበር እላለሁ። መልሱ በመድኃኒት ሣጥኔ ውስጥ የለም፤ በአባቶቻቸው አፍ ውስጥ ነው። አባት፣ ‹ይህ ልጄ ነው፣ ሥራውም ይህ ነው› ቢል ግማሹ ነገር ይቃለላል።»

ባላምባራስ ውሃውን ጠጥተው ኩባያውን መለሱ። ከዚያም ወደ ዛፉ ተመለሱ። አቶ ገብረወልድ ተነሥተው ጎሚስታው ሲሠራ ለማየት ቀርበው ቆመዋል። ካሣዬ የውስጡን ጎማ አውጥቶ፣ ቀዳዳውን ፍቆ፣ ማስቲሽ ቀብቶ እፍ እያለ ያደርቃል። አቶ ገብረወልድ እንደ ልጅ ተመስጠው፣ «አሁን ይኼ ይይዛል?» ይላሉ፤ ካሣዬም በትሕትና ያስረዳቸዋል።

«አቶ ገብረወልድ» አሉ ባላምባራስ ከኋላቸው ደርሰው።

«አቤት።»

ተሳፋሪው ሁሉ ይሰማል፤ ይህንም ያውቃሉ። «ዋሽቼዎታለሁ። ልጄ ቢሮ የለውም። ማኅተምም ተላላኪም የለውም። ካሣዬ ማለት ይህ ነው። ጎሚስታ ነው። ቅድም አባዬ ብሎ ሲመጣ የካድሁት ልጄ ነው።»

የካሣዬ እጅ ጎማው ላይ ቆመ። ቀና ግን አላለም።

አቶ ገብረወልድ አንዴ አባቱን፣ አንዴ ልጁን እያዩ ቆዩ። ሳቃቸው ሁሉ ከፊታቸው ጠፋ። «ባላምባራስ» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔም እንደርስዎ ነኝ፤ ቤቴ ተቀምጬ ጎሚስታ ነው ቢሉኝ ልጄን አልሰጥም ነበር። ይህን አልክድም። እኔን መዋሸትዎንም ይቅር እላለሁ፤ የትዳር ነገር ሲነሣ ሁላችንም ትንሽ እንጨምራለን። ነገር ግን ይህ ልጅ፣ ‹አባቴ ሩቅ አገር ነው› ሲል ሰምተው እንዴት ዝም አሉ?»

ባላምባራስ አንገታቸውን ደፉ። ስድብ ቢሆን ይመልሱ ነበር፤ ይህ ግን እውነት ነው።

ጥቂት ቆይተው ወደ ልጃቸው ቀረቡ። «ካሣዬ» አሉ። «በድዬሃለሁ።»

ካሣዬ አሁንም ጎማውን እንደያዘ፣ «ተሳፋሪው እየጠበቀ ነው፣ አባዬ። መጀመሪያ ልጨርስ» አለ። የቂም አነጋገር አልነበረም፤ ግን ቶሎ የሚለቅ ኀዘንም አልነበረም። ባላምባራስ ሄደው ሊቀመጡ አልወደዱም። ሰው እያያቸው፣ ፀሐይ እየመታቸው፣ ልጃቸው ጎማውን ሞልቶ ብሎኑን እስኪያጠብቅ ድረስ አጠገቡ ቆሙ። አንድ አባት ለልጁ ሊቆምለት የሚገባውን ያህል ባይሆንም፣ በዚያ ቀን የቻሉት ይህን ነበር። ሲያበቃ ካሣዬ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እሳቸውም ቅባት የነካውን ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ።

የትዳሩ ነገር ወዲያው አልተቆረጠም። አቶ ገብረወልድ፣ «ልጄን ለጸሐፊ ብዬ ነው ያነጋገርኋት፤ አሁን እውነቱን ነግሬ ልጠይቃት ይገባኛል» ብለው ሲሬ ገቡ። ውድነሽም ሁሉን ከሰማች በኋላ፣ «የአባቱን ገመና ለመሸፈን ራሱን የካደ ሰው የእኔን ገመና አያወጣም» አለች ይባላል። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ።

እንግዲህ ከዚህ የተገኘው ጥቅም በግልጽ ይነገር። ባላምባራስ መሬታቸውን ለአራት መቆራረጡን ትተው ለበኩሩ ልጅ ሳይከፈል ተዉት፤ በዚህም በወንድማማች መካከል ሊመጣ የነበረው ክርክር ቀረ። ሦስተኛው ልጅ አሰላ ወርዶ ከካሣዬ ጋር ሆነ፤ ሁለቱ ተባብረው ብስክሌትና የወፍጮ ሞተር ጭምር መጠገን ጀመሩ። አራተኛው ገና ተማሪ ነው፤ የሚሆነውን ራሱ ይመርጣል ተብሏል። ውድነሽም የልብስ ስፌት መኪና ይዛ በደጃቸው ተቀመጠች፤ አቶ ገብረወልድ ሲሬ ላይ ሰው ሲጠይቃቸው በቤታቸው ያሉትን ሠራተኞች ከሚስታቸው ጀምረው መቁጠር ለመዱ። አገር የምትለማው እንዲህ እጅ ሁሉ ሥራ፣ ሥራም ሁሉ ክብር ሲያገኝ ነው። ሕዝብ ሲበዛ ሥራውን ካላበዙለት ግን መብዛቱ ለሥራ ፈትነት ይሆናል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ለባላምባራስ ያለ ዋጋ አልተገኘም። የዲክሲስ ሰው ሳቀባቸው። በሠርጉ ዕለት የሙሽራው ሥራ ሲጠየቅ ተነሥተው፣ «ልጄ ጎሚስታ ነው» ሲሉ ድንኳኑ ጉም ጉም አለ፤ ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ጎረቤታቸው አቶ ገብረ መድህን ነበር። ያልሰማ እንዳይኖር እንደገና ተናገሩት። ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። እውነት ሲናገሩ የሚያፍሩት እፍረት ከብዙ ጊዜ በኋላም ሙሉ በሙሉ አልለቀቃቸውም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን፣ ጀንበር ጠልቃ ሰው ከመንገድ ሲጠፋ፣ ያው ገብረ መድህን በጓሮ በር በኩል መጣ። ነጠላውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ብዙ ስለ ዝናቡ፣ ብዙ ስለ ከብቱ አወራ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባላምባራስ፣ የእኔ ልጅም ትምህርቱን ጨርሶ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ካሣዬ ቢወስድልኝ ብዬ ነው። ለሰው ብቻ አይንገሩብኝ። በማታ አምጥቼ ከእናንተ ቤት አሳድረዋለሁ፤ ጎህ ሳይቀድ ወደ አሰላ ይሄዳል» አለ።

ባላምባራስ ለረጅም ጊዜ አዩት። በፊቱ ላይ ያዩት የራሳቸውን ፊት ነበርና ሊስቁበት አልቻሉም።

«ካሣዬ ይወስደዋል» አሉት። «ግን በቀን አምጣው፤ በዋናው መንገድ፣ ሰው እያየህ።»